የተቀበረችው መኪና እና የሚከፈተው ማኅደር

(በደብረ ብርሃን በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ የቃላት ማስተካከያ ተደርጎበታል።)



የዛሬውን ርእስ የሰጡኝ ተማሪዎች ናቸው። ባለፈው ዓመት ሰኔ ውስጥ አራት የተመራቂዎች ተወካዮች ወደ ቢሮዬ መጥተው አንድ ሐሳብ አቀረቡልኝ። ከግቢያችን በአንዱ ጥግ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ የዘመናቸው ማስታወሻ የሚሆን ዕቃ ይቀበርበትና ከ50 ዓመት በኋላ ይከፈት የሚል ነበር። ምን እንደሚቀብሩ ጠየቅኋቸው። ሞባይል ስልክ፣ የምርቃት መጽሔት፣ ለወደፊቱ ተማሪ የተጻፈ ደብዳቤ እያሉ ዘረዘሩልኝ። ከመካከላቸው ደፈር የሚለው ግን «ዶክተር፣ ከጋራዡ ጀርባ ሣር የበቀለባትን ላንድሮቨር ለምን አንቀብራትም? ዕቃውን ሁሉ እርሷ ውስጥ እናስቀምጠዋለን» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እኔም አስብበት ዘንድ ጊዜ ስጡኝ ብዬ አሰናበትኋቸው። እነሆ ዓመት ሊሞላው ነው፤ መልሴን ዛሬ በሁላችሁም ፊት እሰጣለሁ።

በመጀመሪያ ያ ተማሪ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። በቀልድ የተናገረው ነገር በእውነት ተደርጓል።

በሰሜን አሜሪካ፣ በኦክላሆማ ግዛት፣ ተልሳ የምትባል በነዳጅ የበለጸገች ከተማ አለች። ግዛቲቱ የተመሠረተችበት 50ኛ ዓመት ሲከበር፣ ሰኔ 8 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ የከተማዋ ሰዎች በፍርድ ቤቱ ሕንፃ ፊት ለፊት አንዲት አዲስ መኪና ቀበሩ። በዚያው ዓመት የተሠራች፣ ወርቃማና ነጭ ቀለም ያላት፣ ባለ ሁለት በር ፕሊመዝ ቤልቬደር ነበረች። የገባችበት የኮንክሪት ጓዳ የአቶሚክ ቦምብ ጥቃትን እንኳ እንዲቋቋም ታስቦ የተሠራ ነው። የወደፊቱ ሰው ቤንዚን መጠቀሙን ትቶ ይሆናል ብለው ስለ ሠጉ 10 ጋሎን ቤንዚንና የሞተር ዘይት አብረው አስቀመጡ። አንድ ሣጥን ቢራም አልቀረም። ከዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ደግሞ በአንዲት የዘመኑ ሴት ቦርሳ የሚገኝ ነው ያሉትን ከተቱ፤ 14 የፀጉር መያዣ፣ ሊፕስቲክ፣ ማስቲካ፣ የማረጋጊያ ክኒን፣ 2 ዶላር ከ73 ሳንቲም፣ እንዲሁም ያልተከፈለ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ወረቀት። ይህን የቅጣት ወረቀት ያስገባውን ሰው ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ኮሚቴ ውስጥ ስለ ታሪክ የገባው እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ውድድርም ነበረበት። በ50ኛው ዓመት የተልሳ ሕዝብ ብዛት ስንት እንደሚሆን በቅርበት የገመተ ሰው መኪናዋን ይወስዳል ተባለ። ግምቶቹ ታሽገው አብረው ተቀበሩ።

ጓዳው የተከፈተው በቀጠሮው፣ በሰኔ 1999 ዓ.ም. ነው። እኛ ሦስተኛውን ሺህ ዓመት ልንቀበል ሦስት ወር ያህል ሲቀረን ማለት ነው። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ተሰብስቦ ሲጠብቅ፣ በጓዳው ውስጥ ከአንድ ሜትር በላይ ውኃ ተጠራቅሞ ተገኘ። መኪናዋ ከላይ እስከ ታች በዝገትና በጭቃ ተሸፍናለች። መቀመጫዋ በስብሷል፤ ሞተሯ ተጣብቋል። ያ ሁሉ የሴት ቦርሳ ዕቃ የማይለይ ጭቃ ሆኗል። ለውድድሩ 384,743 ብሎ የጻፈው ሰው ከትክክለኛው ቁጥር የራቀው በ2,286 ብቻ ነበርና አሸነፈ። ነገር ግን ከተሸለመበት ቀን 28 ዓመት አስቀድሞ ሞቷል። መኪናዋ ለቤተሰቡ ደረሰች፤ ዝገቷን ለማስለቀቅ ብዙ ተደከመባት፤ ብረቷ ግን እንደ ወረቀት ሳስቶ ስለ ነበር ወደ ቀድሞ መልኳ ልትመለስ አልቻለችም። ዛሬ በኢሊኖይ ግዛት በአንድ የመኪና ሙዚየም ትታያለች።

አንድ ነገር ግን ተርፏል። ከመኪናዋ አጠገብ በብረት መያዣ ውስጥ ታሽገው የተቀመጡት ሰነዶችና ሰንደቅ ዓላማ ደኅና ሆነው ወጥተዋል። ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ።

ለምን እንዲህ ሆነ? የምሕንድስና ባልደረቦቼ ከእኔ በተሻለ ያስረዱታል፤ እኔ በአጭሩ ልለፈው። ኮንክሪት ድንጋይ ይምሰል እንጂ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ነገር ነው፤ መሬት ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል። ጠብታ ውኃ ባይገባ እንኳ በውስጡ ታሽጎ የቀረው አየር እርጥበት አለው፤ መሬቱ ሲቀዘቅዝ ያ እርጥበት በብረቱ ላይ ይወዛል። ብረት ሲዝግ ደግሞ ዝገቱ ከነበረው ብረት ከ2 እስከ 6 እጥፍ የሚደርስ ቦታ ስለሚይዝ፣ በየመጋጠሚያው ገብቶ ላሜራውን ከውስጥ ይፈለቅቀዋል። ቤንዚን ተቀምጦ ሲቆይ ወደ ሙጫነት ይለወጣል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውኃ ይስባል። ጎማና ማሸጊያ ካልተንቀሳቀሱ ይደርቃሉ። መኪና እንድትሄድ የተሠራች ናት፤ ያቆማት ሰው ወዲያውኑ እያፈረሳት ነው።

አሁን ይህን ወደ ደብረ ብርሃን አምጡት። ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ቀኑ ፀሐይ ነው። ሜዳችን በአብዛኛው መረሬ ነው፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። የአጥር ግንብ የሠራችሁ ሁሉ ይህን በገንዘባችሁ ተምራችኋል። የዚህ አገር ገበሬ ዘመናዊ የአፈር ሳይንስ ከመምጣቱ በፊት ዕውቀቱን ያዋለው ውኃን ከማሳ በማስወጣት ላይ ነው። ቦይ ይቀዳል፤ አፈሩን ቆልሎ ያቃጥላል። እንግዲህ ውኃ ላለማቆር ዘመኑን ሁሉ የሚታገል ገበሬ ባለበት አገር፣ እኛ የተማርነው ሰዎች ጉድጓድ ቆፍረን ላንድሮቨር ብንቀብር፣ በአጥሩ በኩል የሚያልፈው ሰው ምን እንደሚል መገመት አያቅተኝም።

የቤልቬደርዋን ዕጣ በሌላ መኪና ልመዝነው እወዳለሁ። ሁላችሁም ኤንትሬን ታውቃላችሁ። ፊያት 682 ኤን 3 ተብሎ የሚጠራውን፣ ሹፌሮቻችን በኢጣሊያንኛው ቁጥር ኤንትሬ ያሉትን የጭነት መኪና ማለቴ ነው። ከቤልቬደርዋ ጋር የአንድ ዘመን ሰው ነው ቢባል ይቻላል። እርሱን ማንም አልቀበረውም፤ ማንም ለታሪክ አላሰበውም። ጨው፣ እህልና ሲሚንቶ ጭኖ ከወደብ እስከ መሀል አገር ተመላልሷል፤ ጣርማ በርን እያጓራ ወጥቷል። የተሰበረበት ዕቃ ከፋብሪካው ባይገኝ በቶርኖ ቤት ተቀርጾለታል። ካቢናው ሦስት አራት ጊዜ ተቀብቷል። ዛሬም በየመንገዱ የሚሠሩ አሉ። አንድ የታሪክ ባለሙያ «ይህ መኪና የመጀመሪያው ነው ወይ? ዕቃው ሁሉ ተለውጦ የለም ወይ?» ብሎ ሊከራከረኝ ይችላል። ክርክሩን እቀበላለሁ። ነገር ግን ሞተሩን አስነሥቶ ድምፁን የሚያሰማኝ ኤንትሬ ነው፤ በዋናው ብረቷ ያለችው ቤልቬደር አትነሣም።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስተዋል ያሻል። የተልሳ ሰዎች መኪናቸውን የቀበሩት በበዓል፣ በሙዚቃና በጭብጨባ ነው። በእኛ ታሪክ መቅበር ከበዓል ጋር እምብዛም አይገናኝም። እኛ የምንቀብረው ሲጨንቀን ነው። ብር በገንቦ፣ ጠመንጃ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ እህል በጉድጓድ። አንዳንዴም የምንቀብረው እንዳይታይ ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በፎልክስዋገን መኪና ነው። በዚያ ዘመን ከታዩት እጅግ ያማሩ መኪኖች በግቢያቸው ቆመው ሳለ፣ በብዙ ሰው አእምሮ የቀረችው ያቺ ትንሽ መኪና ናት፤ ለምልክትነት የመረጣት ኮሚቴ አልነበረም። አስከሬናቸው ደግሞ በቤተ መንግሥቱ ቅጥር ውስጥ በስውር ተቀብሮ ኖሮ በ1984 ዓ.ም. ተቆፍሮ ወጣ፤ በክብር ያረፈው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ስለዚህ አንድ ኢትዮጵያዊ አንድ ነገር ተቀበረ ሲባል በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ደበቀው? ከማን ደበቀው?» ብሎ ነው። ተማሪዎቼ የዚህ ጥያቄ ሸክም ያልጫናቸው ትውልድ በመሆናቸው ደስ ይለኛል፤ ቢሆንም ጥያቄው አገሩ ውስጥ አለ።

በዚህ በእኛ በሰሜን ሸዋ ምድር ከሁሉ የሚከብድ አንድ ምሳሌ አለ። ላልፈው አልችልም።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የማርሻል ባዶልዮ ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የገሠገሠው 1,700 ያህል ተሽከርካሪዎች ይዞ ነው። በጣርማ በር መንገዱ ፈርሶ፣ ዝናብም ወርዶ ስለ ነበር የጭነት መኪኖቹ ተቸገሩ፤ ወታደሮች እየገፉና እየጎተቱ አሳለፏቸው። ብዙ የአካባቢያችን አረጋውያን ስለ መኪና የሰሙት የመጀመሪያ ወሬ ይህ ነበር። ኢጣሊያኖች ኋላ በዚያው ተራራ ዋሻውን ፈልፍለው አስፋልቱን አሳለፉ። ዛሬም ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ የምናልፍበት እርሱ ነው። በዚያው የወረራ ዘመን ግን በዚሁ በሰሜን ሸዋ ስለ ሌላ ዋሻ የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነበር።

በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. አርበኞችና ከእነርሱ ጋር የነበሩ ቁስለኞች፣ ሴቶችና ሕፃናት በዘረት፣ የአካባቢው ሰው አመፀኛ ዋሻ በሚለው ሥፍራ ተጠልለው ሳሉ የኢጣሊያ ጦር ከበባቸው። የመርዝ ጋዝ ተጠቀመባቸው። እጃቸውን ከሰጡት ብዙዎቹ ተረሸኑ። የሟቾቹ ቁጥር በመቶዎች የሚቆጠር ነው። ዋሻው ከነያዘው ነገር ለአሠርት ዓመታት በዝምታ ቀረ። በአካባቢው ሰው ዘንድ መቼም አልተረሳም፤ በመጻሕፍት ግን አልተጻፈም ለማለት ይቻላል። በ1998 ዓ.ም. ኢጣሊያዊው የታሪክ ምሁር ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ሰነድ ተከትሎ ወደ ሥፍራው መጣ። ከእርሱ በኋላ ስፔናዊው አልፍሬዶ ጎንሳሌስ ሩይባልና ኢትዮጵያዊው ዮናታን ሳህሌ የሚገኙበት የአርኪዮሎጂ ቡድን ዋሻውን አጠና። ያገኙት የሰው አፅም፣ የሸክላ ዕቃ፣ የእህል መያዣ፣ የጥይት ቀለህ ነው።

ይህን ከተልሳ ጓዳ አጠገብ አስቀምጡት። በአንዱ ውስጥ አንድ ከተማ ስለ ራሱ እንዲነገርለት የሚፈልገውን መርጦ አስቀምጧል። በሌላው ማንም ምንም አልመረጠም። እናቶች ለልጆቻቸው ያዘጋጁት እህል፣ ያበሰሉበት ድስት፣ የሸሹበት አኳኋን እንዳለ ቀርቷል። ለአርኪዮሎጂ ባለሙያ ሁለተኛው ይበልጥ ይናገራል። ይህን ስናገር ግን ጥንቃቄ ይገባኛል። የዘረት ሰዎች ለእኛ ምርምር ብለው አልሞቱም፤ አፅማቸውም «መረጃ» ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ ለሚሠሩ ተማሪዎች ሁልጊዜ የምነግራቸው፣ ከመለኪያው ሜትር በፊት የአካባቢውን ካህን አነጋግሩ ነው።

መምረጥን ካነሣሁ አይቀር ትንሽ ልቆይበት። ቤልቬደርዋ በተቀበረችበት በ1949 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ተመሳሳይ ነገር ቢያደርግ ኖሮ ምን ይቀበር ነበር ብዬ አስባለሁ። የብር ኢዮቤልዩው በዓል ካለፈ ሁለት ዓመት አልሞላውም። የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጥቷል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሕዝብ የሚመርጠው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ጥቂት ወራት ቀርቶታል። እንግዲህ የንጉሠ ነገሥቱ ሥዕል፣ ሜዳሊያ፣ የሕገ መንግሥቱ ቅጂ፣ ምናልባት አንድ ጥሩ መኪና ይገባ ነበር። እነዚህን ሁሉ ግን ዛሬ ሳይቆፈር እናገኛቸዋለን፤ በየሙዚየሙ ሞልተዋል። እኔ በታሪክ ሥራዬ ስፈልግ የኖርኩትና ብዙ ጊዜ ያጣሁት የአንድ የጠራ ገበሬ የግብር ደረሰኝ፣ የአንድ ጭሰኛ የውል ወረቀት፣ የአንዲት ጠጅ ሻጭ የዱቤ መዝገብ ነው። ማንም ኮሚቴ ይህን አይቀብርም። ያ የተልሳ የቅጣት ወረቀት ልቤን የነካው ስለዚህ ነው።

አሁን ወደዚያ ሳይበላሽ ወደ ወጣው የብረት መያዣ ልመለስ። ወረቀቱ መትረፉ ከማሸጊያው ጥራት የተነሣ ነው፤ አልክድም። «ታይም ካፕሱል» የሚለው ስም የወጣው በ1931 ዓ.ም. መጀመሪያ በኒው ዮርክ ከተማ ዌስቲንግሃውስ የተባለው ኩባንያ ለዓለም ኤግዚቢሽን ለቀበረው ዕቃ ነው። እርሱም ከማይዝግ የመዳብ ቅይጥ የተሠራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ6939 እንዲከፈት ቀጠሮ ተይዞለታል። የሚያስደንቀኝ ግን የቀበሩት ሰዎች በጉድጓዱ ብቻ አለመተማመናቸው ነው። ካፕሱሉ የት እንዳለና እንዴት እንደሚገኝ የሚገልጽ መጽሐፍ አሳትመው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ቅጂዎቹን በልዩ ልዩ አገር ለሚገኙ ቤተ መጻሕፍትና ገዳማት ላኩ። ይኸውም የጉድጓዱን ነገር ለማስታወስ የሰው ጠባቂ አስፈለጋቸው ማለት ነው።

እኔ ለዚህ ነገር «የዘመን ማኅደር» የሚለውን ስም ብሰጠው ደስ ይለኛል። ማኅደር ማለት ዛሬ የፋይል ስም ሆኗል፤ በጥንቱ አነጋገር ግን የብራና መጽሐፍ የሚገባበት የቆዳ ከረጢት ነው። ማንገቻ አለው፤ በግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል፤ ካህኑ በትከሻው አንግቦት ይሄዳል። ዋናው ባሕርዩ ይከፈታል፤ ይዘጋል፤ እንደ ገና ይከፈታል።

የአካባቢያችንን ታሪክ በዚህ ዓይን ብታዩት ብዙ ይገለጣል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ እዚሁ ደብረ ብርሃን ከተማቸውን ቆርቁረው የዘመናቸውን የመጨረሻ ዓመታት አሳልፈዋል። አዳራሻቸው የት እንደ ነበር የሚያሳየን ድንጋይ የለም ቢባል ያስኬዳል። ዜና መዋዕላቸውና የጻፏቸው መጻሕፍት ግን አሉ፤ በየዘመኑ የገለበጣቸው ጸሐፊ ስለ ነበረ። አንኮበርን ተመልከቱ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከካፒቴን ሃሪስ ጋር ውል ሲፈራረሙ፣ መልእክተኛው 300 ጠመንጃ፣ ምንጣፍ፣ የሙዚቃ ሰዓት ይዞ መጥቶ ነበር። የንጉሡ ግምጃ ቤት በዘመኑ የሸዋ መደነቂያ ነበር። ዛሬ ከቤተ መንግሥቱ የቀረው የግንብ ቁራጭ ነው። በአንጻሩ ኪዳነ ምሕረትና መድኃኔ ዓለም እንደ ቆሙ ናቸው፤ ይቀደስባቸዋል፤ ዕቃ ቤታቸው ይከፈታል።

የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት አሠራር በመጠኑ መታየት ያለበት ነው። ቁልፉን የሚይዝ ሰው አለ። ገበዙ ሲለወጥ ዕቃው በቆጠራ ይረከባል፤ የጎደለ ካለ ይጠየቅበታል። የንብረቱና የመሬቱ ዝርዝር በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ይጻፍ ነበር፤ ማንም ደፍሮ ሊፍቀው ከማይችልበት ቦታ ማለት ነው። ካባው፣ ጃንጥላው፣ መስቀሉ ለጥምቀትና ለንግሥ ይወጣል፤ ፀሐይና ነፋስ ያገኘዋል፤ የተቀደደው ይታያል፤ ይሰፋል። አይጥ የበላው መጽሐፍ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ቢሆን ይታወቃል። በተልሳ ግን ውኃው በየትኛው ዓመት እንደ ገባ የሚያውቅ አልነበረም፤ ጓዳውን የመክፈት ሥልጣን ያለው ሰው እስከ 1999 ዓ.ም. አልተወለደም ማለት ይቻላል።

ይህን አሠራር ከነነውሩ ልናገረው ይገባል። ጠባቂ ሰው ነው፤ ይራባል፤ ይፈተናል። በጧፍ የተቃጠለ፣ በጭስ የጠቆረ፣ በሌሊት ተሽጦ በውጭ አገር መስኮት የታየ ብራና ብዙ ነው። ስለዚህ ጠባቂው ብቻውን አይበቃም፤ ቅጂ ያስፈልጋል። በ1965 ዓ.ም. ግድም የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ሸዋን አጥብቆ ይዞ ነበር። ከ9,000 በላይ መጻሕፍት በፊልም ተነሥተው አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት በኮሌጅቪል ተቀመጠ። እነዚያን ፊልሞች ቁጭ ብሎ ገጽ በገጽ ያነበበውና ለዓለም ካታሎግ ያዘጋጀው ሰው የእኛው የሸንኮራ ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነው። በ1968 ዓ.ም. መጀመሪያ በደረሰበት የጥይት ጉዳት ቀሪ ዘመኑን በተሽከርካሪ ወንበር አሳለፈ፤ ሥራውን ግን እስካረፈበት እስከ 2013 ዓ.ም. አላቋረጠም። በየገጠሩ ደብር የነበሩ አንዳንድ መጻሕፍት ዛሬ ቢጠፉ እንኳ ቃላቸው አለ። ይህም የሆነው አንድ ሰው በየማለዳው ሣጥኑን ስለ ከፈተ ነው።

አንድ የራሴን ነገር ልናገርና ወደ ተማሪዎቹ ሐሳብ እገባለሁ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን ባዳረሰ ጊዜ፣ እዚህ ያላችሁት ሌሊቱ እንዴት እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። እኔ የአባቴን የርስት ክርክር ወረቀቶችና የ20 ዓመት የመስክ ማስታወሻዎቼን በላስቲክ ጠቅልዬ በጓሮ ጉድጓድ ስቆፍር ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት በአጥሩ አዩኝ። «ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «አንተ ካልተመለስክ ማን ያወጣዋል? ይልቅ አስገልብጠህ አንዱን አዲስ አበባ ለእኅትህ ስደድ፤ አንዱን ያዝ፤ አንዱ እቤት ይቀመጥ» አሉኝ። ዶማውን አስቀመጥኩ። በማግሥቱ ፎቶ ኮፒ ቤት ስሄድ ሰልፉ እስከ መንገዱ ደርሷል። የቤት ካርታ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የጋብቻ ወረቀት የያዘ ሰው ሁሉ እዚያ ነበር። ማስታወሻዎቼ ዛሬም በሦስት ቦታ አሉ።

እንግዲህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። ላንድሮቨርዋን አንቀብርም። በበኩሌ እንድትጠገን እጠይቃለሁ፤ የአውቶሞቲቭ ተማሪዎች ይሥሩባት፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በምርቃት ቀን፣ ከበሩ እስከ አዳራሹ ድረስ ብትሄድ ይበቃኛል። ካልተነሣች ለምን እንዳልተነሣች የሚመረምር ሰው ይኖራል፤ ሥራው እርሱ ነው።

ለዘመን ማኅደሩ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ከወለል ከፍ ያለ፣ ደረቅ መደርደሪያ እንጠይቃለን። በየ5 ዓመቱ የዚያ ዓመት ተመራቂዎች ይከፍቱታል፤ በዝርዝሩ መሠረት ይቆጥራሉ፤ የተበላሸውን ይመዘግባሉ፤ አንድ ነገር ይጨምራሉ። ዝርዝሩ በሦስት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ከዚህ ከተማ ውጭ ይቀመጥ። ሞባይሉን አስገቡት፤ ነገር ግን ባትሪውን አውጡት፤ አብጦ ሌላውን ዕቃ ያበላሻልና። በውስጡ ያለው ፎቶና ጽሑፍም በወረቀት ይታተም፤ ከ50 ዓመት በኋላ ያን ስልክ የሚያስነሣ መሣሪያ ይገኛል ብዬ አልወራረድም።

ስለሚገባው ነገር ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የምርቃት መጽሔቱን አትጨነቁለት፤ በየቤታችሁ ይገኛል። ይልቅ የዚህን ወር የካፌ ምናሌ ከነዋጋው፣ የመኝታ ክፍል ተረኝነት ዝርዝራችሁን፣ ውኃ የጠፋባቸውን ቀኖች፣ ከቤት የተላከላችሁን ስንቅ፣ ከተፈናቃዮች መጠለያ እየተመላለሰ የሚማር ጓደኛ ያለው ካለ የእርሱን ቃል በፈቃዱ፣ በራሱ እጅ ጽሑፍ አስገቡ። እኔም የማስገባው አለኝ። በዚያች የኅዳር ማለዳ የተሰጠኝን የፎቶ ኮፒ ደረሰኝ እስካሁን አልጣልኩትም።

 ጥያቄ ያለው ይጠይቅ፤ ላንድሮቨርዋን ያነሣው ተማሪ አዳራሹ ውስጥ ካለ፣ የመጀመሪያው ዕድል የእርሱ ነው።